ማን በደለ ብሎ የጠየቀኝ የለም

አዲስ አበባ ውስጥ ለመፋታት ምክንያት ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ከተፋታሁ ወዲህ ማንም ሳይሾመኝ የወዳጅ ዘመዱ የፍቺ አማካሪ ሆኛለሁ። ስልኬ ማታ ማታ ይጠራል፤ ከወዲያ በኩል ያለችው ሴት፣ አንዳንዴም ወንዱ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፦ ምን እንዳደረጋት፣ ከማን ጋር እንደታየ፣ አማቷ በልጇ ክርስትና ዕለት በሰው ፊት ምን እንዳሉ። እስኪጨርሱ ድረስ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዳኛው ይህን ሁሉ እንደማይጠይቃቸው የምነግራቸው።

«ታዲያ ምኑን ነው የሚፈርደው?» አለችኝ በቅርቡ አንዷ፣ ቆጣ ብላ። መቆጣቷ አልገረመኝም። ሰው ፍርድ ቤት የሚሄደው እውነቱ እንዲታወቅለት ነው፤ የቤተሰብ ችሎት ደግሞ በአመዛኙ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ሽማግሌዎቹ ብዙውን ጊዜ ሠርጉ ዕለት ምስክር ሆነው የፈረሙት ሰዎች ናቸው፤ ያጋቡት ራሳቸው ያፋታሉ ማለት ነው። ሕጉ እንደ ዝሙትና ቤት ጥሎ መጥፋት ያሉትን «ከባድ ምክንያት» ይላቸው ነበር። ጥፋተኛ የተባለ ወገን፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ፣ ከጋራ ሀብቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። ስለዚህ በደልን መዘርዘር የሕጉ ዋና ሥራ ነበር።

አክስቴ የተፋታችው በዚያ ሕግ ነው። የባሏን ውሽማ ነገር ለሽማግሌዎቹ ስታስረዳ አንደኛው ሽማግሌ የባሏ አጎት ነበሩ። ስንቴ፣ የት፣ በምን አወቅሽ እያሉ ጠየቋት። «ልጄ፣ ከነገሩ ይልቅ መተረኩ ገደለኝ» ትላለች እስከ ዛሬ። ያም ሆኖ ፈረዱላት። እርሷ የምትኮራበት የደረሳትን ንብረት አይደለም፤ አጎትየው በመጨረሻ ወደ ባሏ ዞረው «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ማለታቸውን ነው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሥርዓት ለወጠው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ለውጥ ብዙ ወትውቷል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ከተጻፈ በኋላ የቀድሞው ሕግ መቀጠል አይችልም ነበር። አዲሱ ሕግ የሽማግሌዎችን የማፋታት ሥልጣን ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሽማግሌ አሁን ሊያስታርቅ ይችላል፤ ካልሆነለትም አልተስማሙም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል፤ ማፋታት ግን አይችልም። የምጽፈው ስለዚህኛው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራው ሕግ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ በብዙ ነገር ቢመሳሰሉም ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ ሰው የራሱን ክልል ሕግ ማየት አለበት።

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በስምምነት መፋታት ነው፦ ባልና ሚስቱ ለመለያየት መወሰናቸውን፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ንብረቱ እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ተስማምተው ለፍርድ ቤቱ ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ በነጻ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን፣ ከሕግና ከሞራል አለመቃረኑን፣ የልጆቹን ደኅንነት መጠበቁን አይቶ ያጸድቃል። ለምን እንደተለያዩ የመናገር ግዴታ የለባቸውም። ሁለተኛው መንገድ አንደኛው ወገን፣ ወይም ሁለቱም በአንድነት፣ ፍቺ እንዲወሰን የሚያመለክቱበት ነው። እኔ የሄድኩት በሁለተኛው ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን የመጀመሪያውን እመክራለሁ፤ የተኮራረፈ ሰው አንድ ወረቀት ላይ መፈረም ቢከብደውም፣ ያ ወረቀት ከዓመታት ቀጠሮ ይገላግላል።

አቤቱታዬን ራሴ ነበር የጻፍኩት። ረጅም ነበር፤ በቁጣ የተጻፈ ነገር ሁሉ ረጅም ነው። ጠበቃዬ ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ ፊቴ ላይ ትሰርዝ ጀመር። የሠርጋችን ማግስት የተባልኩትን ሰረዘችው። የስልኩን ጉዳይ ሰረዘችው። ወንድሜ ሲሞት ባሌ ለቅሶ ያልደረሰበትን ምክንያት ስትሰርዝ እጇን ያዝኳት። «ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለችሎት አይሆንም» አለችኝ፣ ሳትከፋ። የቀረው አንድ አንቀጽ ነው፤ መቼና የት እንደተጋባን፣ ስንት ልጅ እንዳለን፣ በመካከላችን በተፈጠረው አለመግባባት ምክንያት አብረን መኖር እንዳልቻልን። ከሥሩ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የልጃችን የልደት ምስክር ወረቀት ተያያዘ። የስንት ዓመት ኑሮ «አለመግባባት» በምትል አንዲት ቃል ተጠቀለለ።

ከመዝገብ መክፈቻው በኋላ መጥሪያ ይወጣል፣ መልስ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል። አድራሻው የጠፋ ባል ወይም ሚስት ሲሆን መጥሪያው በጋዜጣ ይታወጃል፤ በአዲስ ዘመን የማስታወቂያ ገጾች ላይ «ያሉበት ስላልታወቀ» የሚለውን ያነበበ ሰው የስንቱ ትዳር እዚያ እንዳለ ያውቃል።

ዳኛዋ መጀመሪያ ያደረጉት እኛን ማናገር ነበር፣ አብረን አንዴ፣ ለየብቻ አንዴ። ሕጉ እንዲህ ያዛል፦ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ካልሆነ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲሞክሩ ሊያደርግ ይችላል፤ ያም ካልሆነ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ወዲህ ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አለ፤ የሠለጠነ አስማሚ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ያነጋግራል። ለብቻዬ በተጠራሁ ጊዜ፣ በቃ አሁን ልናገር ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ዳኛዋ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ሆኖም የሚጽፉት ነገር አልነበረም። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ነበር። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አሁንም በሐሳብዎ ጸንተዋል?» ጸንቻለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ብዕሩን አነሡት።

ሽማግሌዎቻችን በእኔ በኩል ጋሼ የምላቸው የአባቴ ጓደኛ፣ በእርሱ በኩል የመሥሪያ ቤት አለቃው ነበሩ። ጋሼ ሕጉን አላነበቡትም፤ ቢሆንም ችሎቱ ያልጠየቀውን ሁሉ ጠየቁ። የለቅሶውን ጉዳይ ያወራሁት እዚያ ነው፣ እርሱም የራሱን አወራ። አልታረቅንም። ነገር ግን እኔ ሽምግልናን የምወደው ለማስታረቅ ችሎታው ብቻ አይደለም። አክስቴ ያገኘችውን ነገር፣ «ያጠፋኸው አንተ ነህ» የሚለውን ቃል፣ በዚህ ዘመን የምታገኝበት ሌላ ቦታ የለም። ሕጉ ያን ሥልጣን ከሽማግሌ እጅ ማውጣቱን እደግፋለሁ፤ የአክስቴን ታሪክ የሰማ ሰው የማይደግፍበት ምክንያት አይታየኝም። ግን ሲያወጣው የመናገሪያውንም ቦታ አብሮ አጠበበው። ሽምግልናን «ለደንቡ ያህል» የሚያልፉ ሰዎች ችሎት ላይ ሲጮኹ የማየው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር መዘለል የለበትም። አቤቱታው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ንብረት አስተዳደር። ከባልና ሚስት አንዱ ከቤት ይውጣ ከተባለም የልጆቹ ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳው ወገን ሁኔታ ይታያል። ብዙ ሴቶች «ከቤት ከወጣሁ መብቴ ይጠፋል» ወይም «መዝገቡ እስኪዘጋ ምን በልቼ እኖራለሁ» ብለው ይፈራሉ። ይህ ትእዛዝ ለዚሁ የተበጀ ነው፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ፍቺው ራሱ ከተቆጠረለት ጊዜ ሳያልፍ ተወሰነ። የማስታረቁ ሙከራ ካልሠራ ሕጉ ለውሳኔው አንድ ወር ብቻ ነው የሚሰጠው። የውሳኔው ንባብ ከአንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ የሚረዝም አልነበረም። በደል ሙሉ በሙሉ ከሕጉ ወጥቷል ማለት ግን አይደለም፤ የፍቺው ምክንያት የአንደኛው ወገን ጥፋት ከሆነና ለፍትሕ አስፈላጊ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለሌላው ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። ያቺን አንቀጽ 84 ጠበቃዬን ደጋግሜ ጠየቅኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «ጉልበትሽን ለንብረቱ ቆጥቢው» አለችኝ።

ንብረቱ ነው እንግዲህ ዓመታትን የሚበላው።

መነሻው ቀላል ነው፤ የጋብቻ ውል ከሌለ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በጋብቻ ዘመንም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣ የግል ነው። የቀረው ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት። በማን ስም ተመዘገበ የሚለው አይለውጠውም። ሰዎችን የሚያስደነግጣቸው ቀጥሎ ያለው ነው። ከአባትህ የወረስከው ቤት የግልህ ነው፤ ቤቱ በጋብቻ ዘመን የሚያስገባው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ደመወዝም እንደዚሁ ነው፤ ማንም ይሥራው ማን የጋራ ነው። በግል ገንዘብ የተገዛ ዕቃ እንኳ በራሱ ጊዜ የግል አይሆንም፤ ፍርድ ቤት የግል ነው ሲለው ነው የግል የሚሆነው። አንድ ባል ይህን በሰማ ጊዜ «ታዲያ የእኔ የሚባለው ምኑ ነው?» ብሎ ችሎት ውስጥ ሰውን አስቆታል።

ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ በዚያ ስሌት ከሄድን ባል የቤቱን ብረት ድስት ለመሸጥ ሚስቱን ማስፈቀድ አለበት። ለቤት ሽያጭ ግን ይኸው የስምምነት ግዴታ ትልቅ ጋሻ ነው፤ ያላወቀችው ሽያጭ የተፈጸመባት ሚስት ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፣ ሽያጩ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን አይሰማላትም። ስለዚህ ጠብ ሲሸት መጀመሪያ የሚደረገው ነገር የቤቱ ካርታ እንዲታገድ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ነው።

የእኛ ዝርዝር ሦስት ገጽ ሞላ። አንድ መሶብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ፣ ቴሌቪዥን አንድ። ስለ ቴሌቪዥኑ ውጭ አገር ያለው ወንድሙ የላከለት ስጦታ ነው አለ፤ ስጦታ ከሆነ የግሉ ነው። ደረሰኙ ግን የእዚሁ የመርካቶ ሱቅ ደረሰኝ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቴሌቪዥን አንድ ሙሉ ቀጠሮ አለፈ፣ የጠበቆቹ ክፍያ ከዋጋዋ በለጠ።

ከሁሉ የከበደው ዕቁቡ ነበር። ከደመወዜ በየሳምንቱ የምጥለው፣ በእርሱ ስም የተመዘገበ፣ እጣው የወጣው መዝገብ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። ባንክ ቢሆን የሂሳብ መግለጫ በትእዛዝ ይመጣል። ዕቁብ ምን አለው? የጸሐፊው ደብተር አለው፣ ዳኛውም አሉ። ደብተሩ ቀረበ፤ የዕቁቡ ዳኛ፣ የሰፈሩ ባለ ወፍጮ፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው ቆሙ። ለማን ነው ገንዘቡን የሰጡት ተባሉ። «የሰጠሁት ለእርሱ ነው፤ በየሳምንቱ ይዛ የምትመጣው ግን እርሷ ነበረች» አሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ በሕጉ ዓይን ግን ሁለቱም ምንም ለውጥ አያመጡም፤ ደመወዜም የጋራ ነው፣ እጣውም የጋራ ነው። ዋናው ነገር ገንዘቡ መኖሩ በሰው ምስክር መረጋገጡ ነበር። እኩል ተካፈልን። የባለ ወፍጮው ዓረፍተ ነገር ግን ከውሳኔው ይልቅ ለእኔ ይከብዳል።

ኮንዶሚኒየሙ በምህንድስና ባለሙያ ተገመተ። የማይከፈል ንብረት ሲሆን አንደኛው የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ያስቀረዋል፤ ካልተስማሙ ወይም የሚችል ከሌለ በሐራጅ ይሸጣል። የቀረው የባንክ ዕዳም የሁለቱ ነው፤ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ አብሮ ይከፈላል። ቤቱን እኔ አስቀረሁት፣ ከዘመድ ተበድሬ።

ልጅን በተመለከተ ሕጉ እናት ወይም አባት ብሎ አይጀምርም። የቀድሞው ሕግ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር፤ አሁን የሚታየው የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከሁሉ በላይ የልጁ ጥቅም ነው። ቀለቡም በሠንጠረዥ አይወጣም፤ የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ይመዘናል፤ አልከፍል ላለ ደመወዙ በአፈጻጸም ተቆርጦ ይመጣል፣ የወንጀል ሕጉም ለእንዲህ ያለው አንቀጽ አለው። ለባልና ለሚስት ግን ከፍቺ በኋላ የሚቀጥል ቀለብ የለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ውስጥ ያሳለፈች ሴት ግማሽ ንብረቷን ይዛ ትወጣለች፣ ንብረት ከሌለ ባዶ እጇን። ይህ በሕጉ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ነው። የእኛ የጉብኝት ስምምነት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እሑድ 11 ሰዓት ይላል፤ ገና ከአባት፣ ፋሲካ ከእናት። ጥምቀትን ሁላችንም ረስተነው ነበር፤ እስከ ዛሬ በየዓመቱ እንደ አዲስ እንደራደርበታለን።

በተክሊል የተጋባ፣ በኒካህ የታሰረ፣ በማዘጋጃ ቤት የፈረመ፣ በባህል የተዳረ፣ ለፍቺው ሕጉ አንድ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ሥልጣን አላቸው፤ ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቅደው ሲቀርቡ ብቻ ነው፤ አንደኛው አልፈልግም ካለ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን የፍርድ ቤቱን ወረቀት አይታ ተክሊሉን ፈታሁት አትልም፤ የንስሐ አባቴም ይህን በግልጽ ነግረውኛል፣ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ከቤይሩትና ከሪያድ ለሚደውሉልኝ እህቶች ሦስት ነገር እናገራለሁ። የላክሽው ገንዘብ በባልሽ ስም ቤት ቢሆን ግማሹ ያንቺ ነው፤ የላክሽበትን ደረሰኝ ግን አትጣይ። ለፍቺ የሚሰጥ ውክልናም «ፍቺ» የሚለውን በግልጽ መያዝ አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ሦስተኛው ነገር ስለ ዝምታ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስትን ትዳር ያለ ፍቺ ውሳኔም ፈርሷል ብሎ አይቶታል። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። «ወረቀቱ እስካለ ድረስ ሚስቱ ነኝ» ብሎ ዓመታትን ማሳለፍ የሚያዋጣ አይደለም።

የውሳኔው ግልባጭ ከወጣ በኋላ ፍቺው በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። እድሩ ግን በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም። ስማችን በአንድ ቤተሰብ ነበር የተመዘገበው፤ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ሲያዩ ቆዩና «እንግዲህ መዋጮውም ሁለት ይሆናል» አሉ። በዚያው ጸና።

ምዝገባውን ስጨርስ ጠበቃዬ አንድ የቀረ አንቀጽ እንዳለ ነገረችኝ። የተፋታች ሴት 180 ቀን ሳያልፍ ሌላ ባል ማግባት አትችልም፤ የሚወለደው ልጅ አባት እንዳይምታታ ነው። ወንድ ፈቃዱ ከሆነ ውሳኔው በተነበበ ማግስት መዳር ይችላል። እርጉዝ አለመሆኔን በሐኪም ካስመሰከርኩ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደልኝ ግን መታገሱ ይቀርልኛል። የዘር ምርመራ በደም በሚታወቅበት ዘመን ይህ አንቀጽ ለምን እስከ አሁን እንደቆየ አይገባኝም፤ ለጠበቃዬ ይህንኑ ስነግራት ሳቀች፣ «የቸኮለ አለ እንዴ?» አለችኝ። የለም አልኳት፣ ግን መብቴን ማወቅ እፈልጋለሁ።